የመኪናን የፊት መብራት ሽቦ በራስ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለ ኤች4 አምፖል (አጭሩንም ረጅሙንም መብራት በአንድ አምፖል የሚሰጥ፣ ባለ ሦስት እግር) አሮጌ መኪና ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ መልሻለሁ።

የፊት መብራት ላይ ሪሌ ማስገባት ሲባል ምን ማለት ነው?

በብዙ አሮጌ መኪና ላይ ወደ ፊት መብራት የሚሄደው ኤሌክትሪክ ዙሪያ ጥምጥም ነው የሚጓዘው። ከባትሪ ይነሳና ወደ ፊውዝ ሳጥን ይሄዳል። ከዚያ ጋቢና ገብቶ መሪው ስር ያለችውን ማብሪያ ያልፋል። ከዚያ እንደገና ወደ ፊት ተመልሶ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። ሽቦው ቀጭን ነው። መገጣጠሚያው ብዙ ነው። በየመገጣጠሚያው ትንሽ ትንሽ ቮልት ይቀራል።

ሪሌ ማለት በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ትልቅ ማብሪያ ነው። ሪሌ ሲገባ የአሮጌው ሽቦ ሥራ ትእዛዝ ማድረስ ብቻ ይሆናል። አምፖሉን የሚያበራው ኤሌክትሪክ ግን ከባትሪው በአዲስ ወፍራም ሽቦ፣ በአጭሩ መንገድ ይመጣል። ማብሪያችሁም ያርፋል። አሥር አምፔር ገደማ ሲያልፍባት የነበረች ማብሪያ ከግማሽ አምፔር በታች ብቻ ታሳልፋለች። መሪ ስር የፕላስቲክ ቃጠሎ ሽታ ሸቶት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

መብራቴ የደከመው በሽቦው ምክንያት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ መስታወቱን እዩ። ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኖ ጭጋግ ከለበሰ፣ ወይም ውስጡ ያለው አንጸባራቂ ተላልጦ ከሆነ፣ የፈለጋችሁትን ሽቦ ብትዘረጉ ለውጡ ትንሽ ነው። እሱ ደህና ከሆነ ቴስተር አውጡ።

ሞተሩን አስነሱ፣ አጭር መብራት አብሩ፣ ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። አምፖሉ እንደተሰካ ይቆይ። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ከሶኬቱ ጀርባ አስገብታችሁ አምፖሉ ኤሌክትሪክ የሚቀበልበት እግር ላይ አድርጉ። የምታዩት ቁጥር በመንገድ የቀረው ቮልት ነው። ከዚያ ሌላውን ወገን ለኩ፤ ማለትም ከአምፖሉ የኔጌቲቭ እግር እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ። ሁለቱን ደምሩ። ድምሩ ከ0.5 ቮልት በላይ ከሆነ ሽቦው ሥራ ይፈልጋል። አብዛኛው የጠፋው በኔጌቲቭ በኩል ከሆነ ግን ሪሌ ለመግዛት አትቸኩሉ። ቦዲ ላይ የታሰረውን ብሎን ፈትታችሁ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጋችሁ እሰሩትና እንደገና ለኩ። አንዳንዴ ጣጣው እዚያው ያልቃል።

እኔ ራሴ አሮጌ ኮሮላ ስነዳ፣ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ጉም ያዘኝ። መብራቴ የሻማ ያህል ነበር። የመንገዱን ጠርዝ የማየው ከኋላዬ በሚመጣው አይሱዙ መብራት ነው። ከዚያ ጉዞ በፊት ሁለት ጊዜ አዲስ አምፖል ገዝቻለሁ። አዲስ አበባ ስመለስ ለካሁ፦ ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት፣ አምፖሉ ላይ 11.6። ይህ ቀላል አይደለም። የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ከቮልቱ በብዙ እጥፍ ፍጥነት ነው የሚቀንሰው። የአምፖሉ ሙሉ ብርሃን የሚለካው በ13.2 ቮልት ነው። 12 ላይ ሲደርስ የብርሃኑ 70 ከመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። 11.6 ላይ ሲሆን ከሲሶው በላይ ጠፍቷል። አምፖሎቼ ደህና ነበሩ፤ የራባቸው ኤሌክትሪክ ነው።

ምን ምን እቃ ልግዛ?

ባለ 30 ወይም ባለ 40 አምፔር ሁለት ሪሌ ከነሶኬታቸው፣ አንድ ለአጭር አንድ ለረጅም መብራት። ሁለት አዲስ የኤች4 ሶኬት፤ ከተገኘ ሙቀት የሚችለው የሴራሚኩ ይሻላል። አንድ ባለ 30 አምፔር ዋና ፊውዝና አራት ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ከነቤታቸው። ከባትሪ እስከ ሪሌ ባለ 4 (ማለትም 4 ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ፣ ከሪሌ እስከ አምፖልና ከአምፖል እስከ ቦዲ ባለ 2.5 ሽቦ፣ ለሪሌው ትእዛዝ ደግሞ ባለ 1 ይበቃል። ተርሚናል፣ የተርሚናል መጭመቂያ ፒንሳና ሽቦው የሚገባበት የፕላስቲክ ቱቦ ጨምሩ።

ሽቦው ላይ ተጠንቀቁ። ለቤት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ሽቦ ውስጡ አንድ ወጥ ነው። መኪና ላይ ንዝረት ይሰብረዋል። ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብዙ ክር ያለውን ጠይቁ። ክሩን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ከላይ መዳብ መስሎ ውስጡ ነጭ ከሆነ በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና ተዉት።

ሪሌ ለመግዛት አዲስ አበባ ያላችሁ ሶማሌ ተራ ብትወርዱ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ኦሪጅናል ታገኛላችሁ። እኔ እጅ ላይ ቅልል ከሚል አዲስ ይልቅ ያንን እመርጣለሁ። ተዘጋጅቶ በሳጥን የሚሸጠውን ሙሉ ስብስብ ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የአንዱን ሽቦ ጫፍ ልጣችሁ እዩ። ላስቲኩ ወፍራም ሆኖ መዳቡ የስፌት ክር የሚያህል ብዙ አይቻለሁ።

ሪሌው ላይ የተጻፉት 30፣ 85፣ 86 እና 87 ምንድን ናቸው?

ዲን 72552 ከሚባለው የጀርመን ደረጃ የመጡ ቁጥሮች ናቸው። 30 ከባትሪ የሚገባበት ነው። 87 ወደ አምፖል የሚወጣበት ነው። 85 እና 86 የውስጡ ጥቅልል ሽቦ ሁለት ጫፎች ናቸው፤ ትእዛዙ የሚመጣው በእነሱ ነው። ሪሌው ውስጥ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ እቃ) ካለበት ፖዘቲቩ 86 ላይ፣ ኔጌቲቩ 85 ላይ መሆን አለበት። ዳዮድ ከሌለው ቢገላበጡም ይሠራል።

ባለ አምስት እግር ሪሌ ላይ መሃል ላይ ያለችውን እግር ቁጥር አንብቡ። 87ኤ ከሆነ ምንም አታስሩባት። እሷ ሪሌው ባልታዘዘ ጊዜ የምትገናኝ ናት። እዚያ ካሰራችሁ መብራቱ ማብሪያውን ስትዘጉ ይበራል፣ ስትከፍቱ ይጠፋል። አንዳንዱ ግን ሁለቱም 87 ነው፤ ያኛው ለግራና ለቀኝ ማከፋፈያ ይመቻል።

እንዴት ነው የሚገጠመው?

በ10 ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ይህን ሳታደርጉ ምንም አትንኩ። ፖዘቲቩን እያጠበቃችሁ ቁልፉ ቦዲ ቢነካ የሚፈነጥቀው እሳት እጅ ያቃጥላል።

ለሪሌዎቹ ከራዲያተሩና ከጭስ ማውጫው ራቅ ያለ ደረቅ ቦታ ፈልጉ። እግራቸው ወደ ታች ሆኖ እሰሯቸው፤ መኪና ሲታጠብ ውሃ አይቋጥሩም። ባለ 4 ሽቦውን ከባትሪው ፖዘቲቭ በዋናው ፊውዝ በኩል ወደ ሁለቱም ሪሌዎች 30 አምጡ። ከአጭር መብራቱ ሪሌ 87 ሁለት ሽቦ አውጡ፣ አንዱ በራሱ ፊውዝ ወደ ግራ፣ ሌላው በራሱ ፊውዝ ወደ ቀኝ። የረጅሙም እንዲሁ። ከእያንዳንዱ አዲስ ሶኬት የሚወጣውን ኔጌቲቭ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ በታየ የቦዲ ብሎን ላይ እሰሩ። ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ድረስ ብትወስዱት ደግሞ የበለጠ ነው።

አሮጌውን ሶኬት አትቁረጡ። አንደኛው ወገን ላይ ያለው ሶኬት ከእንግዲህ አምፖል አይመግብም፤ ሪሌዎቹን ያዛል። የአጭር መብራቱ ሽቦ ወደ አንዱ ሪሌ 86፣ የረጅሙ ወደ ሌላው 86፣ ሁለቱ የሚጋሩት ሦስተኛው ሽቦ (የጋራው) ወደ ሁለቱም 85 ይሄዳል። ጠፍጣፋ ተርሚናል ሶኬቱ ውስጥ ልክ ይገባል። የሌላው ወገን አሮጌ ሶኬት ጥቅም የለውምና ላስቲክ አልብሳችሁ አስሩት። ሶኬቱ ሳይቆረጥ ከቀረ አንድ ቀን መንገድ ላይ ሪሌው ቢሞት አምፖሉን ወደ አሮጌው ሶኬት መልሳችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ።

የትኛው እግር የአጭር፣ የትኛው የረጅም እንደሆነ ከፎቶ አትገምቱ። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ባትሪው እንደታሰረ መብራቱን እያቀያየራችሁ በቴስተር ለኩ፣ ሽቦዎቹ ላይም ምልክት አድርጉ።

አንድ ፊውዝ ለሁሉም አይበቃም? ለምን አምስት?

ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ተርሚናል አንድ ስንዝር ሳይርቅ ይቀመጥ። ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን ሳይሆን ሽቦውን ነው። በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለችው ሽቦ ጠባቂ የላትም። ላሜራ ላይ ተፈትጋ ብትላጥ እሳት ናት።

አራቱ ትንንሽ ፊውዞች ላይ ግን አልደራደርም። አንዱ መብራት ላይ ሽቦ ቢነካካ የሚጠፋው ያ መብራት ብቻ መሆን አለበት። በሌሊት የአባይን በረሃ ስትወርዱ፣ ኩርባ ላይ ገብታችሁ ሁለቱም ባንዴ ድርግም ሲሉ አስቡት። ባለ አንድ ፊውዝ አሠራር የሚያመጣው ይህንን ነው። ለትንንሾቹ 10 አምፔር ይበቃል፤ ባለ 60 ዋት አምፖል የሚስበው 5 አምፔር ገደማ ነው። ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ወረቀት ብር ወይም በሽቦ ቁራጭ መተካት ይቅር። መጀመሪያ ለምን እንደተቃጠለ ፈልጉ።

ሽቦውን ጠምዝዤ በናስትሮ ባስረው ምን ይሆናል?

ለጥቂት ወራት ይሠራል። ከዚያ ሙጫው በሞተሩ ሙቀት ይቀልጣል፣ ናስትሮው ይፈታል፣ አቧራና ውሃ ይገባል፣ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል። ያን ጊዜ ልትሸሹት የነበረውን የቮልት መጥፋት በገዛ እጃችሁ መልሳችሁ አመጣችሁት ማለት ነው። በተርሚናል ጨምቃችሁ፣ ሲሞቅ የሚኮማተር ላስቲክ አልብሱት። ከጨመቃችሁ በኋላ ሽቦውን ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት። ከወጣ ድሮም አልተያዘም።

ባለ 100 ዋት አምፖል ብገጥምስ? አሁን ሽቦው ወፍራም ነው።

ሽቦው ይችለዋል። ሶኬቱና አንጸባራቂው ግን የተሠሩት ለ60/55 ዋት ነው። ሙቀቱ ሶኬቱን ያቀልጣል፣ የአንጸባራቂውን ብርማ ቅብ ያጠቁራል፣ የፕላስቲክ መስታወት ከሆነም ያበላሸዋል። ከፊት የሚመጣውንም ሰው ያሳውራል። ደህና 60/55 አምፖል ሙሉ ቮልቱን ሲያገኝ በቂ ነው። የእኔ ኮሮላ ከ11.6 ወደ 13.5 ሲወጣ አምፖሉን እንኳ አልቀየርኩም፤ ያው የድሮው ነው።

የዚህ ዋጋ አንድ ነው፤ አምፖሉ ሙሉ ቮልት ሲያገኝ ዕድሜው ያጥራል። ዲናሞው ከ14.5 በላይ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ አምፖል ቶሎ ቶሎ ይቃጠልባችኋልና መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ይህን ሁሉ ከምለፋ ኤልኢዲ ብገጥም አይቀለኝም?

ይቀላል። የሚስበው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ ሽቦው ቢደክምም ይበራል። ችግሩ ብርሃኑ የሚሄድበት ቦታ ነው። የኤች4 መብራት አንጸባራቂ የተሠራው አንዲት ቀጭን የጋለች ክር ልክ በቦታዋ ትኖራለች ተብሎ ነው። በአጭሩ መብራት ክር ስር ያለችው ትንሽ የብረት ማንኪያ ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳይበተን ትከልላለች። ብዙ ርካሽ ኤልኢዲዎች ብርሃን የሚሰጡበት ቦታና ቅርጽ ከክሯ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ብርሃኑ ይበተናል። እናንተ ከመኪናው አፍንጫ ስር ነጭ መሬት ስታዩ ደስ ይላችኋል፤ ራቅ ያለው ግን ጨለማ ነው፤ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ደግሞ ምንም አያይም። ከተማ ውስጥ ማታ ዓይናችሁን ስንቴ እንደጨፈናችሁ አስቡ።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል መተካት የፌዴራሉን የመኪና መብራት ደረጃ አያሟላም። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተፈቀዱ አሉ፤ ግን በዝርዝሩ ላይ ስሙ ለሰፈረ መኪናና መብራት ብቻ ነው።

ከገጠምኩ በኋላ ሰው ሁሉ መብራት ያብለጨልጭብኛል። ምን ላድርግ?

መብራታችሁ ድሮም ወደ ላይ አዘንብሎ ነበር፣ ደካማ ስለነበር አልታወቀም። ማታ ሜዳ ላይ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። የጎማ ነፋስ ልኩን የያዘ ይሁን፣ ሹፌር ወንበር ላይ ሰው ይቀመጥ። የአምፖሉን መሃል ከመሬት ለኩ። ለምሳሌ 65 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ ግድግዳው ላይ የአጭር መብራት የላይኛው ጠርዝ 55 ላይ መሆን አለበት። በ10 ሜትር 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ማለት ነው። ከመብራቱ ጀርባ ባሉት ማስተካከያ ብሎኖች በካቻቢቴ ቀስ እያላችሁ አውርዱት። ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርቡም ይጠቅማችኋል።

ብርሃኑ ከፍ የሚልበትን ወገንም እዩ። በቀኝ በሚነዳበት አገር ጠርዙ ወደ ቀኝ ነው ከፍ ማለት ያለበት፣ ወደ እግረኛው። ከጃፓን ወይም ከእንግሊዝ መኪና የተፈታ ሙሉ መብራት ገዝታችሁ ከሆነ ከፍታው ወደ ግራ ነው፣ ልክ ከፊት በሚመጣው ሰው ዓይን ላይ። ያንን በብሎን አታስተካክሉትም። መብራቱን ራሱን መቀየር ነው።

ላንድክሩዘር አለኝ። ስለካ ሁሉም ተገላቢጦሽ ነው። ምንድን ነው ነገሩ?

አልተሳሳታችሁም። ላንድክሩዘር 60 እና 80ን ጨምሮ ብዙ የዚያ ዘመን ቶዮታዎች የፊት መብራቱን የሚያበሩት በኔጌቲቭ በኩል ነው። የጋራው እግር ላይ 12 ቮልት ይመጣል። ማብሪያዋ ደግሞ የአጭሩን ወይም የረጅሙን ሽቦ ከቦዲ ጋ ታገናኛለች። ለማረጋገጥ መብራቱን አብርታችሁ አምፖሉን ንቀሉና የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ቦዲ ላይ አድርጉ። የጋራው እግር ላይ 12 ቮልት ካያችሁ የናንተ የዚህ ዓይነት ነው።

ደግነቱ ከላይ ባልኩት መንገድ፣ የሪሌውን ሁለቱንም የትእዛዝ ሽቦዎች ከአሮጌው ሶኬት ካመጣችሁ፣ በዚህም በዚያም ይሠራል። ጥቅልሉ ሁለት ጫፉ በሶኬቱ ሁለት እግሮች መካከል ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ግድ የለውም። ዳዮድ ያለበት ከሆነ ብቻ 85 እና 86ን ታገላብጣላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 85ን በቀጥታ ቦዲ ላይ ሲያስር ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ እንደዚያ ካሰራችሁ ሪሌው ትእዛዙን በትክክል አያገኝም።

ሌላው የሚያደናግረው ዳሽቦርድ ላይ ያለችው ሰማያዊ ምልክት ናት። በአንዳንዶቹ ላይ ኤሌክትሪክ የምታገኘው በአምፖሉ ክር በኩል ዞሮ ነው። አምፖሉ ከአሮጌው ሽቦ ሲነሳ ላትበራ ወይም ፍዝዝ ብላ ልትቀር ትችላለች። እንደዚያ ከሆነ ምልክቷን ከረጅም መብራቱ ሪሌ 87 በአነስተኛ ፊውዝ በኩል መግባችሁ ሌላ ጫፏን ቦዲ ላይ ማሰር ነው። ረጅም መብራት እንደበራ ሳያውቁ መንዳት ለሌላው ሰው አደጋ ነውና አትተዉት።

አዲስ ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ላይም ይሠራል?

አይሠራም፣ አትንኩት። አዲሶቹ ላይ መብራቱን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ነው። የሚስበውን አምፔር እየለካ ሪሌ ሲያገኝ አምፖል ተቃጥሏል ብሎ ያምናል። የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ ብርቱካናማ ሽቦ ሁሉ ገዳይ ቮልት ያለበት ነው።

ሪሌው ቀጭ ይላል፣ መብራቱ ግን አይበራም። የቱን ልፈትሽ?

ቀጭ ካለ ትእዛዙ ደርሷል ማለት ነው፤ ወደ ማብሪያዋ አትመለሱ። 30 ላይ 12 ቮልት መኖሩን ለኩ። ከሌለ ዋናው ፊውዝ ወይም የባትሪው ተርሚናል ነው። ካለ 87ን ለኩ። እዚያ ከሌለ የሪሌው የውስጥ መገናኛ ተቃጥሏል፤ ሁለቱን ሪሌዎች አቀያይራችሁ ሞክሩ። 87 ላይም ካለ ትንሹን ፊውዝ፣ ከዚያ የአምፖሉን ሶኬት እዩ።

መብራቱ በርቶ ፍሬቻ ስታበሩ አብሮ ቢያርገበግብ፣ ወይም የአንዱ ወገን ብርሃን ከሌላው ቢቀንስ፣ ኔጌቲቩን ጠርጥሩ። ከአምፖሉ ኔጌቲቭ እግር በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ በእጃችሁ ጊዜያዊ ሽቦ ዘርጉ። ወዲያው ቦግ ካለ፣ የቦዲው ብሎን ስር ቀለም ቀርቷል።